የምርጫ ክልላችንና አንድ ያልገባ መሸኛ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ የምርጫ ክልላችንን ታሪክ ለመጻፍ ወሰንኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ስለ አማዞን ወንዝ ይህን ያህል ዘመን ያወራ ሰው ስለ ሰፈሩ አንድ ገጽ ሳይጽፍ ቢሞት ነውር መሰለኝ። አብረውኝ ያስተምሩ የነበሩ ሁለት መምህራን ሐሳቤን ሰምተው ሳቁብኝ። ካዛንቺስን ከጻፍሽ አይቀር ስለ ሆቴሎቹና ስለ ጭፈራ ቤቶቹ ጻፊ፣ ስለ ምርጫ ክልል ማን ያነብልሻል አሉኝ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ደረቅ ነገር እወዳለሁ፤ ዳቦ እንኳን የትናንቱን ነው የምመርጠው።

የምርጫ ክልል ለአብዛኛው ሰው ቁጥር ነው። የእኛንም ቁጥር ብጠራው ለማንም ምንም ስለማይል አልጠራውም። ካርታ ላይ ሲታይ ከኡራኤል አካባቢ ተነስቶ ካዛንቺስን ይዞ ይዞርና ወደ መስቀል አደባባይ አቅጣጫ ያዘነብላል። መሬት ላይ ግን መስመሩ የት የት እንደሚያልፍ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቦታ ላይ አንድ ግቢ መሀል ለመሀል ይሰነጥቅ ነበር። በዚያ ግቢ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ይጋራል፤ የምርጫ ቀን ሲደርስ ግን ከአንድ በር ወጥተው ሁለቱ ቤተሰቦች ወደ ግራ፣ ሦስቱ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። «ተወካያችን» ሲሉ የተለያዩ ሰዎችን ማለታቸው ነበር። ለነገሩ ሁለቱንም ተወካዮች አይተዋቸው ስለማያውቁ አልተጣሉበትም።

ስለ መጀመሪያው ተመራጭ የማውቀው ከአባቴ ነው። በንጉሡ ዘመን ዕጩዎች የሚለዩት በምልክት ነበር፤ ማንበብ የማይችል ሰው ሥዕል አይቶ እንዲመርጥ። አባቴ የመረጡት ሰውዬ ምልክቱ ጃንጥላ ነበር። ለምን እሱን መረጡ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ዝናብ ስለነበረ ነው አሉኝ። ቀልድ ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ባለ ጃንጥላው ከተመረጠ በኋላ ሰፈራችን ውስጥ ታይቶ አያውቅም።

በደርግ ጊዜ ለሸንጎው ሦስት ዕጩ ቀረበልን። እኔ ያኔ አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። ማን እንደሚያልፍ ሻይ ቤት ውስጥ ሳይቀር ይታወቅ ነበር፤ ቢሆንም የቀረ ሰው ለምን ቀረህ መባሉ ስለማይቀር ሰልፉን ቆምን። ያለፈው ሰው አንድ ጊዜ በቀበሌው አዳራሽ ተገኝቶ ንግግር አደረገ። ስለ ዓለም ሁኔታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረና ስለ ሰፈሩ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ድምፁ ጥሩ ነው» ብዬ ጽፌአለሁ። ሌላ የምጽፈው አልነበረኝም።

ዘጠና ሰባት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምርጫ አስፈጻሚ ሆንኩ። ያን ሰልፍ ያየ ሰው ሌላ ሰልፍ ሰልፍ አይመስለውም። ጎህ ሳይቀድ የመጡ ሰዎች ከሰዓት በኋላም ቆመው ነበር። አሮጊቶች በርጩማ ይዘው መጥተው እየተቀመጡ እየተነሱ ሰልፉን ይከተሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል፣ የኔ ደብተርም ብዙ አይለውም። ከዚያ ወዲህ ግን በሰፈሩ የተካሄደ ምርጫ አምልጦኝ አያውቅም። ጠረጴዛው ጋ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። መዝገቡ ሲዘረጋ የማየው ፊት እንጂ ሰነድ አልነበረም። አንድ ሰው ከፊቴ ሲቆም ስሙን ከነአያቱ፣ ቤቱን ከነ በሩ ቀለም አውቀው ነበር። መታወቂያውን ሊያወጣ ኪሱን የሚዳብስ ሰው ካለ፣ ተወው አውቅሃለሁ እለው ነበር። በዚህ እኮራ ነበር። ሰብሳቢ ሆነው የመጡት ሰዎች ሁሉ የሰፈሩ ልጆች ስለነበሩ አንድም ቀን ለምን ያለኝ የለም።

ሰፈራችን ተመራጮቹን የሚመዝንበት የራሱ መንገድ ነበረው። ምክር ቤት ውስጥ ምን ተናገረ የሚለውን የሚከታተል ሰው ጥቂት ነው። እድር ገባ አልገባም የሚለውን ግን ሁሉም ይከታተላል። የእድራችን ዳኛ ከኔ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ሐጂ ነበሩ። ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው ቄራ አካባቢ ቆዳ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸውን በሙሉ አስተምሬአለሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ የሚቀብርበትን እድር ሠላሳ ዓመት ያህል ዳኝተዋል። ተመራጭ ሁሉ አባል ይሁን የሚለውን ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ከወረዳ የመጣ ሰው ይህ ደንብ ከየት የመጣ ነው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ የሞተብንን የማያውቅ ሰው የጎደለንን እንዴት ያውቃል አሉት።

ደንቡን ያከበረ ተመራጭ አንድ ብቻ ነበር። ሦስት ለቅሶ መጥቶ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፤ አንዴ እንዲያውም ኮቱን አውልቆ አግዳሚ ወንበር ተሸከመ። በአራተኛው ለቅሶ ስብሰባ ስለነበረበት ሾፌሩን ላከ፣ በአምስተኛውም እንዲሁ። በዓመቱ መጨረሻ የእድሩ ጉባኤ የሾፌሩ መቀመጥ የተመራጩ መቀመጥ ሆኖ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚል ግማሽ ቀን ተከራከረ። ሐጂ ሁሉንም አዳምጠው ሲያበቁ፣ ሾፌሩ በደንብ እንደተቀመጠ፣ ሬሳም እንደተሸከመ ሁላችንም አይተናል፤ ስለዚህ አባል የሚሆነው ሾፌሩ ነው ብለው ወሰኑ። ተመራጩ ተሰረዘ። ሾፌሩ እድሩ እስኪበተን ድረስ አባል ነበር።

ሁለተኛው መመዘኛ የጎርፉ ነገር ነው። በየክረምቱ ከላይ የሚወርደው ውሃ ጠባቧ ቱቦ አልበቃው እያለች የታችኞቹን ቤቶች ይገባባቸው ነበር። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ፊርማ የሚያሰባስቡት ሐጂ ነበሩ። ለአራት ተመራጮች የገባው ማመልከቻ አንድ ነው፤ የሚቀየረው የሰውየው ስምና ቀኑ ብቻ ነበር። አራቱም ተቀብለው አመስግነውናል። አሁን ቱቦው ተሠርቷል፣ ያውም ሰው ቆሞ የሚሄድበት ትልቅ ቱቦ ነው ይላሉ። ጎርፍ የሚገባባቸው ቤቶች ግን ከቱቦው በፊት ነው የተነሱት።

ሰፈሩ የፈረሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። የኔ ቤት ከመንገዱ ወዲህ በኩል፣ አሮጌ ፎቅ ላይ ስለሆነ አልተነካም። ከበረንዳዬ ላይ ሆኜ ማዶው ሲጸዳ አየሁ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የተጻፈና የተዘፈነ ስላለ እኔ አልጨምርበትም። መንገዱ ያምራል፣ ዛፎቹም እየያዙ ነው። አብዛኛው ጎረቤቴ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ሄደ።

የሚሄድ ሰው ከወረዳው መሸኛ ይወስዳል። ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፤ የቀድሞ ወረዳህ መታወቂያህን ተቀብሎ ፋይልህን ይዘጋል፣ በምትኩ «እገሌ የእኛ ነዋሪ ነበር፣ ተቀበሉት» የሚል ደብዳቤ ይሰጥሃል። ደብዳቤውን ለአዲሱ ወረዳ ስታስገባ እዚያ ነዋሪ ትሆናለህ። ሐጂ የራሳቸውንና የባለቤታቸውን መሸኛ እንደያዙ ከጭነት መኪናው በፊት ሊሰናበቱኝ መጡ። ባለቤታቸው ከጎናቸው ተቀምጠው ነበር።

ያን ጊዜ በጣም የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነበር፣ እሱም የምርጫ ክልሉ። ክልል የሚበጀው በሕዝብ ብዛት ነው፤ ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ሰዉ ካለቀ ክልሉን ከጎረቤቱ ጋር ያዋህዱታል፣ የምጽፈው ታሪክም የሌለ ነገር ታሪክ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ለሐጂ ይህንን በሰፊው አስረዳኋቸው። ካርታም አወጣሁ። በጥሞና አዳመጡኝ፤ ለእሳቸው መምህርት የምትናገረው ነገር ሁሉ የተረጋገጠ ነበር። ታዲያ ምን ይሻላል ብለው ጠየቁኝ።

«መሸኛውን አያስገቡት» አልኳቸው። «እስካላስገቡት ድረስ የእኛ የምርጫ ክልል ሰው ነዎት። ምዝገባው ሲመጣ እኔው እመዘግብዎታለሁ።»

ደብዳቤዎቹን አጥፈው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱ። ባለቤታቸው ኪሱንም እኔንም አዩ። አሁን ሳስበው፣ አስተያየታቸው ደስ የሚል አስተያየት አልነበረም።

ምክሬን ለሌሎችም ነግሬ ነበር፤ የሰማኝ ግን የለም። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለማስገባት የአዲሱን ወረዳ መታወቂያ ስለፈለጉ በደረሱ በሳምንቱ አስገቡ። የሐጂ ልጆች አድገው ወጥተዋል፤ እሳቸውን የሚያጣድፍ ነገር አልነበረም። በየወሩ ስደውልላቸው መሸኛው ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ይነግሩኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሰው እንኳን በቃሉ የጸና አለ እል ነበር፤ በማን ቃል እንደጸና ሳላስበው። መቼም አፍ ዳገት አይፈራም።

ከዓመት በላይ አለፈና ምዝገባው ደረሰ። እንደ ልማዴ አመለከትኩና ተቀበሉኝ። ድንኳናችን በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ተተከለ። ሰብሳቢያችን ከሌላ ክፍለ ከተማ የመጣች፣ ቅልጥፍ ያለች ወጣት ነበረች፤ ከሰፈሩ አንድም ሰው አታውቅም። በመጀመሪያው ቀን ሥልጠና ላይ የተሰጠንን መመሪያ በቀለም አስምራበት አየሁ። እኔ መመሪያውን አላነበብኩትም። ስንት ዘመን የሠራሁትን ሥራ ማን ያስተምረኛል ብዬ ነው። የሚመዘገበው ሰው ጥቂት ነበር፤ በእኛ ፎቅና በአካባቢው በቀሩት ሕንፃዎች የሚኖሩ ሰዎች፣ ጥበቃዎች፣ አንዳንድ የካፌ ሠራተኞች። ብዙ ጊዜ ወንበራችን ላይ ተቀምጠን የሚሮጡ ሰዎችን እናያለን።

ሐጂ የመጡት በአራተኛው ቀን ጠዋት ነው። ከገላን አንድ አውቶቡስና ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የመጡት። ለኢድ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። ከታክሲው ሲወርዱ መጀመሪያ አቅጣጫው ጠፋቸው፤ ቤታቸው በነበረበት በኩል ትንሽ ሄደው ተመለሱ። እጄን ሳወዛውዝ አዩኝና መጡ። ቁመናቸው አልተለወጠም፤ ጢማቸው ብቻ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ሰላም ተባባልን። ገና ሳይቀመጡ መዝገቡን ስቤ ስማቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን ጻፍኩ። የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ የድሮውን ቁጥር በቃሌ ልሞላ ስል ሰብሳቢዋ እጇን መዝገቡ ላይ አደረገች።

«መምህርት፣ መታወቂያቸውን ሳያዩ?»

አውቃቸዋለሁ አልኳት። እሷም፣ በጣም በትሕትና፣ ሰነድ ማየት አለብን አለች። ሐጂ ከውስጥ ኪሳቸው ደብዳቤውን አውጥተው ሰጧት። ከመታጠፉ ብዛት መታጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል። አነበበችው፣ ገልብጣ ማኅተሙን አየች፣ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

«አባባ፣ ይሄ እኮ መሸኛ ነው። ማለቴ፣ እዚህ መታወቂያዎን አስረክበው ነው ይህን የወሰዱት። እዚህ ፋይልዎ ተዘግቷል፣ እዚያ ደግሞ አልተከፈተም። ከወጣ ከዓመት በላይ ሆኖታል።»

ሐጂ ዲጂታሉን መታወቂያ ከቦርሳቸው አወጡ። እሱ ማንነታቸውን እንጂ የሚኖሩበትን እንደማያሳይ ነገረቻቸው። አንድ ሰው በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር አለበት፣ እርስዎ አሁን የሚኖሩት የት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ውሸት አያውቁም፤ ገላን አሉ። ለበላዮቿ ደወለችና ረጅም ጊዜ አወራች። ስትመለስ ፊቷ መልሱን ይናገር ነበር።

«እና በቃ የትም የለሁም?» አሉ ሐጂ።

እንደሱ አይበሉ አባባ አለችና ውሃ አመጣችላቸው። መጥፎ ልጅ አልነበረችም። ውሃውን እየሰጠቻቸው፣ የተናደደችው በእሳቸው ሳይሆን በሌላ ሰው መሆኑ እየታየባት፣ ጠየቀቻቸው።

«ማን ነው አያስገቡት ያለዎት?»

ሐጂ ወደ እኔ አላዩም። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ማንም አላለኝም» አሉ። «ራሴው ነኝ። ሽምግልና ነው፣ ዘነጋሁት።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። የምርጫ አስፈጻሚ ሰውን በነዋሪነት ጉዳይ አሳስታ መገኘቷ ቢታወቅ ከጠረጴዛው እንደምነሳ አውቅ ነበር። ከዚያ በላይ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ልጅ ፊት አላዋቂ ሆኖ መታየት አስፈራኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ፣ ክልሉን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ ብዬ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም አልኩ።

ሰብሳቢዋ የጻፍኩትን ስም በማስመሪያ ሰረዘችውና ጎኑ ላይ «በስሕተት የተሞላ» ብላ ፈረመች። እኔም እንድፈርም መዝገቡን ወደ እኔ ገፋችው። ፈረምኩ። ሐጂ አመስግነውን ተነሱ። ልሸኛቸው እችል ነበር፤ ነገር ግን ሁለት የካፌ ሠራተኞች ሊመዘገቡ ቆመው ነበርና ሥራ አለብኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቀው መንገዱን ተሻገሩ።

ምሳ ላይ ሰብሳቢዋ ነገሩ አልወጣላትም። ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ነገር በራሳቸው አያደርጉም፣ የሆነ ሰው ሳያሳስታቸው አይቀርም አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ልክ ነሽ ማለቴ ነበር። እሷ ግን እንደ አንድ ታዛቢ የተስማማሁ መስሏት ሽሮዋን መብላት ቀጠለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ገላን ያለውን ወረዳ በስልክ አፈላልጌ አገኘሁት። መሸኛውን ነገ ቢያስገቡ ይቀበሏቸዋል፤ ስድስት ወሩ ግን ካስገቡበት ቀን ስለሚቆጠር ለምርጫው አይሞላም አሉኝ። ሌላም ሰው ጠየቅኩ፣ ያው ነው። ለሐጂ ደውዬ ስነግራቸው ይሁን አሉ። ለምን እንዳልተናገርኩ አልጠየቁኝም፣ እኔም አላነሳሁትም። ስለ ባለቤታቸው ጠየቅኳቸው፣ ደህና ናቸው አሉኝ።

የምርጫው ቀን በሰላም አለፈ። በእኛ ጣቢያ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው ሲመጣ እናስገባዋለን፣ ይሄዳል። እኔም በተራዬ ገብቼ መረጥኩ። ቆጠራው ቶሎ አለቀ። ክልሉም አልተዋሃደም፤ እንደነበረ፣ በዚያው ቁጥሩ ተወካዩን ላከ። የፈራሁት ሁሉ ከንቱ ነበር። ተመራጩን አላውቀውም፣ በደብተሬ ላይም ገና ምንም አልጻፍኩለትም። የሚጠይቀው እድር የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ኪሎ ሙዝ ይዤ ገላን ሄድኩ። የምሄድበትን ምክንያት አውቀው ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ ቃላቱን ስደረድር ነው የሄድኩት። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል። ሐጂ በሩን ራሳቸው ከፍተው ወንበር አቀረቡልኝ። ባለቤታቸው ሻይ አምጥተው ከፊቴ አስቀመጡና ሳይቀመጡ፣ ሰላምታውንም ሳያረዝሙ ነገሩን አነሱት።

እሳቸው መሸኛቸውን ገላን በገቡ በሁለተኛው ሳምንት ከባላቸው ኪስ አውጥተው አስገብተዋል። ለጎረቤት ዘይት ሲታደል እሳቸው መታወቂያ የለዎትም ተብለው ተመልሰው ነበርና፣ በማግስቱ ሄደው አስገቡት። ለሐጂ ለስምንት ወር አልነገሯቸውም። የሐጂንም አብሬ ባስገባሁት ነበር፣ ግን የሳቸው ያለ እሳቸው ፊርማ አይሆንም ተባልኩ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በዚያ በተረጋጋ የወሎ አነጋገራቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ዘይት የሚታደለው በመታወቂያ ነው እንጂ በታሪክ አይደለም። አንቺ እዚያው ቤትሽ ቀረሽ። እኛን ነው እንዳትገቡ ያልሽን።»

እውነት ነው፤ እኔ ሰው የምቆጥረው ከበረንዳዬ ላይ ሆኜ ነበር።

ስለ ምርጫው ቀንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ጣቢያው ከሕንፃቸው ሥር ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ፀሐዩም ከረር ያለ። ሐጂ አብረዋቸው ወርደው በር ድረስ ሄዱ። ጥበቃው ካርድ ሲጠይቃቸው እሷን ላድርስ ብዬ ነው የመጣሁት አሉት። ከዚያ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የባለቤታቸውን ቦርሳና ነጠላ ጫማቸውን ይዘው ጠበቁ፤ ባለቤታቸው እግራቸውን ስለሚያማቸው ለሰልፉ የሸራ ጫማ ተጫምተው ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ነው የጠበቁት። የሰፈሩ ሰው እያለፈ ሐጂ አይመርጡም እንዴ ሲላቸው፣ እኔ ጨርሻለሁ ይሉ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲነገር ሐጂ ሻያቸውን ያማስሉ ነበር። ከጃንጥላው ሰውዬ ቀጥሎ በነበሩት ምርጫዎች ሁሉ የመረጡ ሰው ናቸው። ማንን እንደሚመርጡ ለማንም ነግረው አያውቁም፤ ለባለቤታቸውም ጭምር። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው፣ ጨርሻለሁ ሲሉ፣ የእሳቸው ፊት ታየኝ። አልቻልኩም፣ ዓይኔ ውሃ ሞላ። ባለቤታቸው ሙዙን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

አውቶቡስ ውስጥ የደረደርኩት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። የቀረኝ አንዱ ብቻ ነበር።

«ሐጂ» አልኳቸው፣ «ያን ቀን ልጅቱ ስትጠይቅዎት፣ እኔ ነኝ ያልኳቸው ብዬ መናገር ነበረብኝ።»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀምጠው አዩኝ። አልተቆጡም። እድር ሲዳኙ የኖሩ፣ ሰው ሲያጠፋ ምክንያት የሚፈልጉለት ሰው ናቸው፤ በእድሜዬ ሰው ሲያሳፍሩ አይቼ አላውቅም። እንደ ወጉ፣ ተይው ልጄ ምን ችግር አለው፣ የሚሉኝ መስሎኝ እጄን አጣምሬ ጠበቅኩ።

«ነበረብሽ» አሉኝ።